እትዬ ጽጌ ባንዲራው ላይ የጻፉት ስም

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር። ግን ቤቱን አውቀዋለሁ፣ ሰዎቹን አውቃቸዋለሁ፣ ደብዳቤውን ያነበብኩትም እኔው ነኝ...

ማርች 2008፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ቦታው ዋይሊ ነው፤ ዳላስ አጠገብ፣ ቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት የሆኑበት አዲስ ሰፈር።

ጃፓን ስድስት ዓመት ተምሬ አገሬ ብገባም አላስቀምጥ አለኝና በዲቪ አሜሪካ ሄድኩ። አሁን ደግሞ ተመልሻለሁ፤ እንደምቆይ ግን አላውቅም። ያኔ እዚያ ከማውቃቸው ሐበሾች ጃፓንኛ የሚያነብ እኔ ብቻ ነበርኩ። ጋሽ መኳንንት የጠሩኝም ለዚሁ ነው።

ጋሽ መኳንንት አውሮፕላን ማረፊያው መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ይነዳሉ። ዕረፍታቸውን የሚያሳልፉት ግን የጃፓን የጦርነት ባንዲራ በመሰብሰብ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከጃፓን ጋር የተዋጋ የቴክሳስ አሮጌ ወታደር ሲሞት ልጆቹ ዕቃውን አውጥተው ይሸጣሉ፤ እሳቸው ከዚያ ይለቅማሉ።

የዚያን ቀኑ ሐር ነበር። መሃሉ ላይ ቀይ ክብ... ዙሪያውን በጥቁር ቀለም የተጻፉ ስሞች።

«ኦሪጅናል ነው፣ አንዷለም?»

ገለበጥኩት። አስመስለው የሠሩት ሲሆን ቀለሙ ላይ ላዩን ይቀራል። ይሄኛው እስከ ጀርባው ዘልቋል።

«ኦሪጅናል ነው።»

ባለቤታቸው እትዬ ጽጌ ጠጋ አሉ። አንድ ልጃቸው ኖላዊ የአሜሪካ ወታደር ነው፤ ያኔ ኢራቅ ነበር። ስልክ በጮኸ ቁጥር ፊታቸው አመድ ይመስላል።

«ምን ይላል፣ የኔ ልጅ?»

«ለዘማች የተሰጠ ነው። በቀኝ በኩል ያለው የራሱ ስም ነው። ሌላው ጎረቤትና ዘመድ የፈረመለት... ደህና እንዲሆን።»

«ተመለሰ?»

ጋሽ መኳንንት ከኋላቸው ሆነው ጠቀሱኝ። እንዲህ ያለ ባንዲራ ብዙውን ጊዜ ከሬሳ ላይ የተወሰደ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። የዚህኛው ጠርዝ ላይ ደግሞ ቡናማ እድፍ ነበር።

«ተመልሷል» አልኩ።

ይቺ ቃል እስከ ዛሬ ትከነክነኛለች።

መብራት ልናመጣ ጋራዥ ገባን። ስንመለስ እትዬ ጽጌ እስክሪብቶ ይዘው ባንዲራው ላይ አጎንብሰዋል። ለቄስ የጸሎት ስም እንደሚሰጥ ሁሉ፣ ባዶው ቦታ ላይ የልጃቸውን የክርስትና ስም በሰማያዊ ቢክ ጽፈዋል።

ክንፈ ገብርኤል።

«አንቺ ሴትዮ! የስንት ዘመን ዕቃ ላይ በቢክ?»

«የእነሱን ልጅ ከመለሰ የኔን ምን ይከለክለዋል? አርፈህ ተቀመጥ!»

ሳቅን። እውነቴን ነው... ሦስታችንም ሳቅን።

በአስራ አንደኛው ቀን ኖላዊ ደወለ። እዚያው ነበርኩ፤ ስልኩ ስፒከር ላይ ስለነበር ሁሉን ሰማሁ።

«እማ... የክርስትና ስሜን ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም! ምነው?»

«ሰዎች አሉ። ማለቴ... ሽማግሌዎች፣ ሴቶች። ጠዋት ጠዋት ከካምፑ አጥር ውጪ ይሰለፋሉ። ሌላ ማንም አያያቸውም። በሱ ስም ይጠሩኛል።»

«ጠርተው ምን ይሉሃል?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። ከዚያ በሹክሹክታ...

«ይሸኙኛል፣ እማ።»

ስልኩ ተቋረጠ።

ባንዲራውን አውጥተን መስኮቱ ጋ ዘረጋነው። ሰማያዊው ጽሑፍ የለም። ቦታው ንጹሕ ሐር ነው።

ወደ ቀኝ አየሁ። የዘማቹ ስም ጠፍቷል። በቦታው፣ በዚያው አሮጌ ብሩሽ፣ በጃፓን ፊደል... ክንፈ ገብርኤል።

ገለበጥኩት።

ቀለሙ እስከ ጀርባው ዘልቋል።

«ከቤቴ አውጡልኝ!» አሉ እትዬ ጽጌ። «ለባለቤቶቹ ስጡልኝ፣ ልጄን ይልቀቁልኝ!»

የዘማቹን ስም መጀመሪያውኑ ወረቀት ላይ ጽፌ ይዤው ስለነበር የጃፓን አስተማሪዬ መንደሩን አፈላልጎ አገኘው። በፖስታ ላክነው።

ሴፕቴምበር ላይ ኖላዊ ተመለሰ። በሕይወት፣ ሙሉ አካል። እትዬ ጽጌ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ተንበርክከው መሬት ሳሙ።

ዝምተኛ ሆኗል። በአማርኛ ሲያናግሩት ፈገግ ይላል እንጂ አይመልስም። ደጃፍ ላይ ጫማውን አውልቆ፣ ጫፉን ወደ ውጪ አዙሮ ያስቀምጣል፤ ጃፓን ሳለሁ በየቤቱ እንደማየው።

«ጦርነት አይቶ የመጣ ልጅ ነው፣ ጊዜ ስጡት» አሉ ጋሽ መኳንንት።

ኖቬምበር ላይ ደብዳቤ መጣ፤ ከዘማቹ እህት። ሳሎናቸው ቁጭ ብዬ ከፈትኩትና በልቤ አነበብኩት።

«ወንድሜ ከስልሳ ምናምን ዓመት በኋላ ቤቱ ገባ ብለን አልቅሰን ነበር። ባንዲራው ከመጣ ወዲህ ግን በራችን ላይ አንድ ረጅም ጥቁር ወጣት ይቆማል። የወታደር ልብስ ለብሷል። አይገባም፣ አይሄድም። አንድ ቃል ብቻ ይደጋግማል፤ ትርጉሙን ብትነግሩን... እማ ይላል።»

እትዬ ጽጌ ፊቴን እያዩ ይጠብቃሉ።

«ምን ትላለች?»



«እ... ታመሰግናለች።»

ያኔ ከኋላዬ ትንፋሽ ተሰማኝ።

ኖላዊ ነበር። ሲመጣ አልሰማሁትም። ደብዳቤውን ያያል። ጽሑፉ እንደ ድሮ ሰዎች አጻጻፍ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ፣ ከቀኝ ወደ ግራ የሚሄድ ነው።

ዓይኖቹ ቀስ ብለው ወረዱ... እንደገና ከላይ ጀምረው ወረዱ... አንድ መስመር ወደ ግራ... አንድ ሌላ...

መጨረሻው ላይ ሲደርስ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ጣቱን ዘረጋ።

የእህቲቱን ስም ዳበሰው።