ከቁስቋም የተለቀቀው አውሮፕላን

ጥቅምት በገባ በመጀመሪያው ዓርብ ማለዳ ከቁስቋም በላይ ባለው ጉብታ ላይ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ወንዴ፣ እህቱ ፀደይና የአክስታቸው ባል አያ ካሴ። በመካከላቸው ወንዴ ሁለት ክረምት የደከመበት ትንሽ አውሮፕላን ተቀምጧል። ማንም ሳይነዳው፣ በተሞላለት መስመር ብቻ ተራራውን ተሻግሮ ወገራ ውስጥ አንድ ሜዳ ላይ እንዲያርፍ ተሰናድቷል። ፀደይ በማግስቱ ረፋድ ላይ ትለቀዋለች፤ ወንዴ ደውሎ ካላስቆማት በቀር። ከእጇ ከወጣ በኋላ የሚመልሰው የለም።

የመኪናው መንገድ ስለተዘጋ ወንዴና አያ ካሴ ወደ ሜዳው በእግር ተነሡ። ሽማግሌው የሜዳውን ሰዎች ቀድመን እንንገር እያሉ ደጋግመው አነሡ። ድሮን መምታት ከጀመረ ወዲህ ያገሩ ሰው ከሰማይ ድምፅ ሲሰማ ልጁን አቅፎ ገደል ሥር ይደበቃል። ወንዴ ግን ሰው ፊት መናገር ያፍራል፤ ካረፈ በኋላ እነግራቸዋለሁ አለ። ሜዳው በሳተላይት ፎቶ ላይ ሁልጊዜ ባዶ ነበር።

«ምነው፣ ይስቁብኛል ብለህ ነው?» አሉት አያ ካሴ። «ቢስቁማ ሸጋ ነበር።»

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። በረዶው አፋፍ ላይ ደረሰባቸው፤ ፊታቸውን ገረፈ፣ የእግር መንገዱን ጠርጎ ወሰደ። ዋሻ ሥር ተጠግተው ወንዴ ፀደይን ሊያስቆማት ስልኩን አወጣ። ውሃ ገብቶበት አልበራ አለ። ሲነጋ ገደሉን ሲወጡ ከበላያቸው የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ ደንብሮ ድንጋይ ናደ፤ አንዱ የአያ ካሴን ጉልበት መታ።

«ሂድ» አሉ ሽማግሌው ተቀምጠው። «አውሮፕላኑን ቀድመኸው ድረስ።»

ወንዴ ብቻውን አፋፉ ላይ ወጣ። ሜዳው ባዶ አልነበረም። በመካከሉ ቃሬዛ ተቀምጧል፤ ነጠላውን ያዘቀዘቀ ሕዝብ ይዞረዋል። ያገሩ ሰው አስከሬን ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመውሰዱ በፊት የሚያለቅሰው እዚያ ሜዳ ላይ ነበር። ቢጠይቅ ማንም ይነግረው ነበር።

እየጮኸ ቁልቁል ሮጠ። ሙሾው ድምፁን ዋጠው። ከዚያ ከኋላው፣ ከተራራው ጫፍ፣ እንደ ንብ መንጋ የሚያጉረመርም ነገር መጣ።

ሙሾው ቆመ። አንድ ሰው ድሮን አለ። ሕዝቡ ተበተነ፤ የወደቁትን እየረገጠ ወደ ገደሉና ወደ ማሳው ሮጠ። ሜዳው ላይ ቃሬዛውና በላዩ የተደፋች አንዲት ሴት ብቻ ቀሩ። አውሮፕላኑ ዝቅ አለ፣ ሣሩን ሰንጥቆ ተንሸራተተ፣ ከሴትዮዋ አጠገብ ቆመ። ልክ ወንዴ ፎቶው ላይ ምልክት ያደረገበት ቦታ ነበር።

ከሜዳው ዳር ካለው ድንጋይ ጀርባ የተሸሸጉ ለቀስተኞች ጠመንጃቸውን ወደ ወንዴ አዞሩ። እጆቹን አንሥቶ ወደ መካከሉ ሄደ።

«የሠራሁት እኔ ነኝ» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማው ከፍ አድርጎ። «ጉዳት የለውም። አስቀድሜ መንገር ነበረብኝ፤ አፈርኩ።»

«ስበረው» አለው ከጠመንጃዎቹ ጀርባ አንድ ድምፅ።

ወንዴ ክንፎቹን በእግሩ ሰበረ። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችው። የሟቹ እናት ነበረች።

«ተሸካሚዎቹን አባረህብኛል» አለችው። «እንግዲህ አንተ አንሣው።»

ወንዴ ጎንበስ ብሎ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ያዘ። ቆይቶ ከድንጋዩ ጀርባ ሦስት ሰዎች ወጥተው የቀሩትን ጫፎች ያዙ።

ሟቹ በዚያው ቀን ተቀበረ። ከዚያም ሰዎቹ ወንዴን ተከትለው አያ ካሴን በዚያው ቃሬዛ ከገደሉ አወጧቸው።