ካርታው ላይ የተቆረጠው ጫማ

እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል። ሰው ለራሱ ጫማ ሲቆረጥለት እንዴት አይታየውም?

ሹ ዌንቦ ከታላቁ ግንብ ሥር ወዳለችው ከተማችን የመጣው ስለ ጥንቱ የቻይና ጦር ጥናት ሊጽፍ ነው። የሚበላው ከእኛ ምግብ ቤት ነበር። ኑድሉ ላይ ኮምጣጤ ሲያፈስ እንኳ ዓይኑ ከወረቀቱ አይነሳም። አንድ ቀን ኮምጣጤውን ሱሪው ላይ ደፋው። ሳቅኩበት። ቀና ብሎ አየኝ፤ ዓይኑንም ቶሎ አልመለሰም። ከዚያ ወዲያ ወረቀቱን ገልብጦ መብላት ጀመረ።

«መምህር ሹ፣ ወታደሮችህ አይርባቸውም?»

«ከሞቱ አራት መቶ ዓመታቸው እኮ ነው፣ ላንዪንግ።»

«ታዲያ አንተ አብረሃቸው ሞተሃል?»

ጆሮው ቀላ። እኔም ወደ ምድጃው ዞርኩ።

እናቴ ግን አልጣማትም። «የሙት ጦር የሚቆጥር ባል ምን አብልቶ ያኖርሻል?» ትለኝ ነበር። እሱ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ በግንቡ ላይ እየተንከራተተ የዘብ ማማዎቹን ካርታ ሲስል ከረመ። ጫማው አፉን ከፈተ። እናቴ ያንን ጫማ አየችና አዲስ ልትሰፋለት ተነሳች።

እኛ ዘንድ እናት ለወንድ ጫማ ሰፋችለት ማለት ልጇን ሰጠችው ማለት ነው። ልኩ መጀመሪያ በወረቀት ይቆረጣል። እናቴ ለአማች ተራ ወረቀት አይሆንም ብላ በቤቱ ካለው ሁሉ ያማረውን መረጠች። መስኮቱ ሥር ትቶት የሄደውን፣ በማግስቱ ለኅትመት ቤጂንግ የሚወስደውን ካርታ።

ሲገባ መቀሱ ገና በእጇ ነበር።

«ምን አደረግሽ!» ብሎ ጮኸ። «እማማ» ሲላት የከረመው ሰው! «አንቺ ማይም አሮጊት!»

እናቴ መቀሱን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ያ ነው ያሳበደኝ። ቦርሳውን ከነጥናቱ አንስቼ መንገድ ላይ ወረወርኩት።

«እኔም ማይም ነኝ! ግን ለአማች ጫማ ሲቆረጥ አውቃለሁ!»

«የማን አማች?»

«ውጣ!»

ወጣ። ወረቀቶቹን ከአቧራው ሲለቅም በመስኮት አየሁት። አላገዝኩትም።

በማግስቱ የቤጂንጉ አውቶቡስ ጥሩምባውን ነፍቶ ሄደ። ሊጥ እየደበደብኩ አለቀስኩ፤ በንዴት ነው።

በሩ ተከፈተ። ባዶ እግሩን ነው፤ የተቀደደውን ጫማ በእጁ ይዟል። እናቴ ፊት ተንበረከከ።

«እማማ፣ አፌን ይቁረጠኝ። ካርታውን እንደገና በእግሬ ዞሬ እስለዋለሁ። ለዚያ ደግሞ ጫማ ያስፈልገኛል።»

የተቆረጠውን ወረቀት ከጠረጴዛው አንስቶ መሬት ላይ ዘረጋና እግሩን አኖረበት።

«ቤጂንግስ?» አልኩት።

«ይጠብቁኝ። ሙታኑ አራት መቶ ዓመት ጠብቀዋል።»

እናቴ እግሩን አየች፣ ወረቀቱን አየች። «መጀመሪያ ታጠብ» አለችው።

ውሃውን ያቀረብኩለት እኔ ነኝ። ሳፋውን ያስቀመጥኩት ግን ፊቱ ድረስ እንዲረጨው አድርጌ ነው።

ይቅር ብዬዋለሁ አልልም። ጫማውን ግን እናቴ ካረፈች ወዲህ የምሰፋለት እኔ ነኝ።