ከማርሊስ ሹራብ የጠፋው ስህተት

ማርሊስ ሃውገን ሞታ የተገኘችው የበግና የሱፍ ፌስቲቫሉ በተከፈተ በሁለተኛው ቀን፣ ከረፋዱ ለአምስት ሩብ ጉዳይ ላይ ነው። ከሦስተኛው የበጎች ጋጣ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ተጣጣፊ ወንበር ላይ ተደግፋ ነበር። ፊቷ አብጧል፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። የጀመረችው ግራጫ ሹራብ ግን ጭኗ ላይ በሥርዓት ታጥፎ፣ ሁለቱ መርፌዎች ጎን ለጎን ተሰክተውበት ነበር።

ሹራብ የሚሠራ ሰው ሁሉ የዋህ ይመስለዋል፣ ያልቀረባቸው። እኔ እዚሁ አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ሃያ ዓመት አብሬያቸው ኖሬያለሁ። አንድ ጥቅል ክር ብቻ ሲቀር፣ እነዚያ ለስላሳ ሴቶች የልብ ወዳጃቸውን በክርናቸው ገፍተው ሲያልፉ አይቻለሁ። ስለዚህ የዚያን ቀኑ ነገር አሳዘነኝ እንጂ አልገረመኝም።

የወረዳው ፖሊስ መርማሪዋን ኦድሪ ፔልኪን ላከ። ኦድሪ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ትንሽ ትናገራለች፣ ብዙ ታያለች። እናቷ በሹራብ ሥራ ስላሳደገቻት፣ የሱፍ ክር በጣቶቿ ስትዳስስ የምታውቀው ነገር አለ።

«ተርብ ነው» አላት ሐኪሙ። «አንገቷ ላይ ነድፏታል። በመስከረም እዚህ ግቢ የፖም ጭማቂ ይሸጣል፣ ተርቡም እንደ ጉድ ነው። ብርቱ አለርጂ ነበረባት። መድኃኒቷን ካልተወጋች ከሃያ ደቂቃ አትዘልም።»

«መድኃኒቱስ የት አለ?»

«ሁልጊዜ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛው እንደምትዞር ነው የነገሩኝ። አሁን የለም።»

ክፍሏ የክር ነጋዴው የዌንደል ኦርከት ነበረች፤ የቆዩ ደንበኞቹ እንዲያርፉባት ይፈቅዳል። ከእሱ ሌላ ቁልፍ የያዙት ማርሊስን ጨምሮ ሦስት ሴቶች ናቸው። ከእነዚያ አንዷ የማርሊስ የወንድም ልጅ ክሪስታ ነበረች፤ ኦድሪ ደጅ ላይ የሣር ክምር ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ክሪስታ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ዓይኗ በእንባ ቀልቷል።

«እኔ ነኝ የገደልኳት» አለች፣ ገና ሳትጠየቅ።

«እንዴት አድርገሽ?»

«ጠዋት ቦርሳዋን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። መድኃኒቱን ጨምሬው ነበር ወይስ አልጨመርኩም? አላስታውስም። ስንወጣ ተጣልተን ነበር።»

«በምን ተጣላችሁ?»

«በክር። ቤቱ ውስጥ መቀመጫ እስኪጠፋ በክር ሞልቷል። ዛሬ እንዳትገዢ አልኳት። ‹ስሞት ትሸጪዋለሽ› አለችኝ።» ክሪስታ አፏን በእጇ ያዘች። «‹ይፍጠንልሽ› አልኳት።»

ለእንዲህ ያለው ነገር ማጽናኛ አይገኝለትም። ልጅቷ መድኃኒቱን ረስታ ከሆነ፣ ይህቺን ቃል ዕድሜዋን ሙሉ ተሸክማት መኖሯ ነው።

«ከዚያ በኋላስ?»

«እዚህ ስንደርስ ጠቡን ረሳችው። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ይህን ፎቶ አነሳኋት። ሹራቡ የእኔ ነበር፤ ለልደቴ።»

ፎቶው ላይ ማርሊስ ሹራቡን ደረቷ ላይ ዘርግታ ትስቃለች። ሹራቡ መሐል ላይ ከታች ወደ ላይ የተደረደሩ ጉንጉኖች ነበሩት፤ ሁሉም ወደ ቀኝ ሲጠመዘዝ ከታች ሦስተኛው ብቻ ወደ ግራ ዞሯል።

«ይቺ ተበላሽታለች» አለች ኦድሪ።

«ሆን ብላ ነው። በምትሠራው ሁሉ አንድ ስህተት ትተዋለች። ‹እንከን የሌለበት እግዜር ብቻ ነው› ትላለች።»

«ከፎቶው በኋላ ሹራቡን ማን ያዘው?»

«እኔ፣ ከቦርሳዋ ጋር። ክር ስንገዛ ቆየን። አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ደከመኝ ብላ ቦርሳውን ተቀብላኝ ወደዚህ መጣች። እኔ ለምሳ ሰልፍ ያዝኩ።»

ቀጥሎ ዌንደል መጣ። ጢሙ የተንዠረገገ፣ እጁ እስከ ክርኑ ሰማያዊ የሆነ ሰው ነው።

«ከማርሊስ ጋር አልተስማማችሁም አሉ።»

«ትናንት ደንበኞቼ ፊት ክርህ ቀለም ይለቃል አለችኝ።»

«ይለቃል እንዴ?»

«ይለቃል» አለ ዌንደል። «ግን እንደዚያ በአደባባይ ይባላል? ዛሬም ከጠዋት ጀምሮ ለሰው ማቅለም ሳሳይ ነበር። የነካሁት ሁሉ ሰማያዊ ሆኗል። የሚስቴን ሳንድዊች ሳይቀር።»

«ሹራብ ትሠራለህ?»

«እኔ በግ አረባለሁ፣ ክር አቀልማለሁ፣ በቃ። ሚስቴ አንድ ጊዜ ካልሲ ላስተምርህ ብላ ለፍቺ ደርሰን ነበር።»

መጨረሻ ላይ ሦስተኛዋ ባለቁልፍ ቬርና ስትራውድ ገባች። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ለጀማሪዎች ሹራብ ታስተምራለች። አስከሬኑን አግኝታ የጮኸችው እሷ ነበረች። አስከሬኑ ተነስቷል፤ ቬርና ክፍሏ ውስጥ ባለው ጠረጴዛ አጠገብ ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

«ሠላሳ ዓመት እጅና ጓንት ነበርን» አለች። «ለአምስት ሩብ ጉዳይ ላይ በሩን ስከፍት ሞታለች። ከዚያ በፊት ወደ ክፍሏ አልገባሁም።»

«ሁለታችሁም በውድድሩ ትሳተፉ ነበር?»

«በየዓመቱ። ማርሊስ ሰማያዊውን ሪባን ትወስዳለች፣ እኔ ቀዩን።»

ቀዩ ሁለተኛ ለሚወጣ ነው።

«ዘንድሮስ?»

«ትናንት ውጤቱን ለጠፉት። ያው ነው።» ድምጿ አልተለወጠም።

ክሪስታ የጀመረችው ኮፍያ ጠረጴዛው ላይ ተጥሎ ነበር፤ የመጀመሪያ ሥራዋ ስለሆነ እዚህም እዚያም ተሸነቋቁሯል። ቬርና ንግግሯን ሳታቋርጥ ኮፍያውን ሳበች፤ ከሽርጥ ኪሷ ጫፉ ቆልማማ የኪሮሽ መርፌ አወጣች፤ ከመርፌው ያመለጠችውን አንዲት የክር ቀለበት እየለቀመች ረድፍ በረድፍ ወደ ላይ ታወጣት ጀመር።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለቻት ኦድሪ።

ቬርና እጇን እንደ ሌላ ሰው እጅ አየችው። «አንድ ቀለበት ወርዶ ነበር» አለች።

ኦድሪ ሹራቡን ይዛ ወደ መስኮቱ ሄደች። ጉንጉኖቹን ከታች ቆጠረች። አንደኛው ወደ ቀኝ፣ ሁለተኛው ወደ ቀኝ፣ ሦስተኛውም ወደ ቀኝ። እንደገና ቆጠረች፤ ከዚያ ጣቷን በቀስታ አሳለፈችበት። ሦስተኛው ጉንጉንና ከእሱ በላይ ያለው መስመር ከግራና ከቀኙ ላላ ይላል፤ ተተርትሮ የተመለሰ ሱፍ ካልታጠበ በቀር ወዲያው እኩል አይተኛም።

ክሪስታንና ዌንደልንም ወደ ክፍሏ ጠራቻቸውና ሹራቡን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ እዚህ ሹራብ ላይ አንድ ስህተት ነበር፤ ፎቶው ይመሰክራል» አለች። «አሁን የለም። አንድ ሰው ስድስት ቀለበት ከመርፌው አውርዶ፣ እስከ ታች ተርትሮ፣ ጉንጉኑን አቃንቶ፣ በኪሮሽ አንድ በአንድ መልሷቸዋል። ለጎበዝ እጅ ሩብ ሰዓት ይፈጃል።»

«ራሷ ማርሊስ ብትሆንስ?» አለ ዌንደል።

«እስከ አራት ሰዓት ከሃያ ሹራቡ ክሪስታ እጅ ነበር። ከዚያ ሞታ እስክትገኝ ሃያ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው፤ አብዛኛውን ደግሞ ስትታፈን ነው ያሳለፈችው። ደግሞስ በሕይወቷ ያላቃናችውን ስህተት በዚያ ሰዓት ታቃናለች? አንተ ብትሆን ሹራቡ ሰማያዊ ሆኖ ይገኝ ነበር። ክሪስታ እንኳን የሌላ ሰው ጉንጉን፣ የራሷን ኮፍያ ማዳን አልቻለችም።» ወደ ቬርና ዞረች። «አመል ያወጣል ከመሀል ይላሉ። እርስዎ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው፣ ስለ ሞተች ወዳጅዎ እያወሩ፣ አንዲት ቀለበት ማለፍ አቃትዎ። ለአምስት ሩብ ጉዳይ ላይ መጣሁ ያሉት ውሸት ነው። ማርሊስ ስትሞት እርስዎ አጠገቧ ተቀምጠው ሹራብ ያቃኑ ነበር።»

ቬርና ከሽርጧ ኪስ ብዕር የምታክል የመድኃኒት መርፌ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አልተከፈተችም።

«ተርቡ ሲነድፋት አብሬያት ነበርኩ» አለች። «‹ክሪስታ ናት ያዘጋጀችው፣ አትረሳም፣ ፈልጊው› አለችኝ። ፈለግኩት፤ አገኘሁት። ልሰጣት ነበር። ሹራቡ መሬት ወድቆ ኖሮ አነሳሁት፤ ያቺ ጉንጉን ዓይኔ ውስጥ ገባች። እኔ ሠላሳ ዓመት አንዲት ስህተት ሳልሠራ ሁለተኛ እወጣለሁ፤ እሷ እያወቀች አበላሽታ አንደኛ ትወጣለች። ትንሽ ትቆይ አልኩ። አንዴ ጠብቂኝ ብላት ምን ትሆናለች አልኩ።»

«ከዚያስ?»

«ስጨርስ ጸጥ ብላለች።»

«የፌስቲቫሉ አምቡላንስ የቆመው የግቢው በር ላይ ነበር። ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም።»

«አውቃለሁ» አለች ቬርና።

ዌንደል ኮፍያውን አወለቀና ወደ ግድግዳው ዞረ። አንድ ፖሊስ ቬርናን ክንዷን ይዞ አወጣት፤ ስትወጣ ሹራቡን እንጂ ማንንም አላየችም። ውጭ ጨረታው ቀጥሎ ነበር፤ የአንድ ሙክት ዋጋ በድምፅ ማጉያ ይጠራል።

ኦድሪ ክሪስታ አጠገብ ተቀመጠች። «አልረሳሽም» አለቻት። «መድኃኒቱን አስገብተሽው ነበር። ቦታው ላይ ነበር። አክስትሽም ታውቅ ነበር።»

ልጅቷ እፎይ ትላለች ብላ ጠብቃ ነበር። ክሪስታ ግን ጠረጴዛው ላይ ያለችውን መድኃኒት አየቻት፤ ከዚያ ቀና አለች።

«ረስቼው ቢሆን ይሻል ነበር» አለች። «ራሴን እየረገምኩ እኖር ነበር እንጂ፣ እሷ እንኳ ሰው ጠልቷት አትሞትም ነበር።»