ከሳጥኑ የወጡት ሰባት ገጾች

ዓርብ ሐምሌ 1 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ነበር። የምሥራች አሜሪካ አገር፣ ሶዶ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ የጎማ መጋዘን በላይ ባለች የኪራይ ክፍል የመጨረሻውን የፊርማ ሳጥን ትመረምር ነበር። ሳጥኑን ወደ ግዛቱ መዲና ወደ ኦሎምፒያ የምታደርሰው መኪና በዘጠኝ ሰዓት ትነሣለች፤ ፊርማውን የሚቀበለው ቢሮ በአሥራ አንድ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የመጣ ፊርማ ለዘንድሮው ምርጫ አይቆጠርም።

ፊርማው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ሰው ለራሱ የሚጠቀምበትን ካናቢስ በቤቱ ቢያበቅል እንዳይታሰር ሕዝቡ ድምፅ ይስጥበት። ለሌሎቹ ዘመቻተኞች ጉዳዩ የነፃነት ጥያቄ ነበር። በዩኒቨርሲቲው የፋርማሲ ክፍል አንደኛ ለወጣችው ለየምሥራች ግን ጥያቄው ሥዩም የሚባል ስም ነበረው።

ሥዩም ሬኒየር ቫሊ በተከራያት ጠባብ ክፍል፣ በቁም ሣጥኑ ውስጥ አንዲት ተክል ያሳድጋል። የካንሰሩ መድኃኒት ውኃ እንኳ አላስቀምጥ ሲለው፣ ጥቂት እህል የምታስቀምሰው ያቺ ተክል ናት። ያለ እርሷ አይበላም፤ ካልበላ መድኃኒቱን አይችለውም። ስደተኛ ነውና ቢያዝ የሚጠብቀው እስር ብቻ አይደለም፤ ሸሽቶት ለመጣው መንግሥት መልሰው ሊያስረክቡት ይችላሉ።

የተዋወቁት በጥር፣ አንድ ግሮሰሪ በር ላይ ነበር። ሰሌዳዋን ታቅፋ ዝናብ ሲመታት አይቶ ቀረበና፣ «ለየትኛዋ ቤተ ክርስቲያን ነው መዋጮ የምትሰበስቢው?» አላት። ስታስረዳው ሳቀ።

«እኔ ዜጋ አይደለሁም፤ መፈረም አልችልም። ጃንጥላ መያዝ ግን ሕጉ አይከለክልም አይደል?»

ሁለት ሰዓት ሙሉ ያዘላት። ሲለያዩ የእርሷ ወረቀት ደረቅ ነበር፤ የእርሱ ግራ ትከሻ ግን በስብሶ ነበር።

በሚያዝያ ቃሉን ሰጣት። «ሕጉ ካለፈ አባትሽ ዘንድ ሽማግሌ እልካለሁ። ካላለፈ ተክሏን ነቅዬ እጥላታለሁ። ፖሊስ የሚፈልገኝ ሰው ሆኜ ልጅዎን ይስጡኝ አልላቸውም።» አባቷ ማውንትሌክ ቴራስ የሚኖሩ፣ በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን የተከበሩ ሰው ናቸው። ሕጉ እንደሚያልፍ ቅንጣት ስላልተጠራጠረች፣ የምሥራች እሺ አለችው።

የዘመቻው አስተባባሪ ጠዋት እንደነገረቻቸው የሚጎድለው ፊርማ መቶ ገደማ ነበር። ሥዩም በቀትር ደርሶ ሰባት ገጾች ሳጥኑ ውስጥ ሲጨምር ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። መቶ ሠላሳ አራት ፊርማ!

አሁን እነዚያን ገጾች ስታነብ ጣቷ ቆመ። የሥዩም ጎረቤት የአቶ ገብረሕይወት ስም አለ። ከሥሩ የባለቤታቸውና የስድስት ልጆቻቸው ስም በአንድ የእጅ ጽሕፈት ተደርድሯል። ገና ክርስትና ያልተነሣችው ሕፃን ሳትቀር ፈርማለች።

ስልኩን አንሥታ ለአቶ ገብረሕይወት ደወለችላቸው።

«አባባ፣ የምሥራች ነኝ። እንደምን ዋሉ? የሥዩምን ወረቀት የፈረሙት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ እንጂ! ምነው፣ ጎደለ እንዴ?»

«የልጆቹንም?»

«ሽማግሌ ሁን የተባለ ሰው ለብቻው ይፈርማል? ቤቱን ወክዬ ነዋ! ልጁ ‹ይሄ ወረቀት ሲያልቅ አባቷ ቤት ይሄዱልኛል› አለኝ። ሶ፣ ጎረቤቱን ሁሉ ኮል አድርጌ አስፈረምኩ። ኮቴንም ላውንደሪ አስገብቻለሁ፤ በይ እንዳታሳፍሩኝ!»

አመስግና ዘጋች። በገጹ ግርጌ፣ በደቃቅ እንግሊዝኛ፣ መራጭ ያልሆነ ሰው ቢፈርም ወይም በሌላ ሰው ስም የፈረመ ቢገኝ በወንጀል እንደሚጠየቅ ተጽፏል። ስሞቹን አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች። ሁሉም እንደ ሥዩም ዜጋ ያልሆኑ ስደተኞች ናቸው።

ሥዩም በሐምሌ ፀሐይ ወፍራም ካፖርት ለብሶ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ከክሳቱ የተነሣ ካፖርቱ ባለቤቱን የጣለ ይመስላል።

«አውቀህ ነው?» አለችው።

«አውቄ ነው።»

«በመጀመሪያው ቀን መፈረም አልችልም ያልኸኝ አንተ ነህ።»

«ያን ጊዜ አንቺ አልነበርሽኝም።»

ዓይኗን ከዓይኑ መንቀል አቃታት። ከታች ጎማ ሲንከባለል ይሰማል።

«ሁሉንም ቼክ አያደርጉም እኮ» አለ ቀስ ብሎ። «ከብዙ ጥቂት ነው የሚያዩት።»

«ከጥቂቱ አንዱ አቶ ገብረሕይወት ቢሆኑስ? ኮታቸውን አስተኩሰው ሽምግልና ሲጠብቁ የኢሚግሬሽን ደብዳቤ ይድረሳቸው?»

«የምሥር፣ እኔ እየሞትኩ ነው።»

«አውቃለሁ።»

ሰባቱን ገጾች ከሳጥኑ አወጣች። ማንም መልሶ እንዳይገጥማቸው አድርጋ በትንንሹ ቀደደቻቸው። ዕድሜዋን ሁሉ ትክክለኛውን መልስ በማግኘት ስትደሰት የኖረች ልጅ፣ ትክክለኛው መልስ እንዲህ ዋጋ እንደሚያስከፍል አታውቅም ነበር። አስተባባሪዋ ምክንያቱን ሰምታ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ሳጥኑ ጎድሎ ሄደ።

ሥዩም «ኦኬ» ብቻ ብሎ ተነሣ፤ ደረጃውን ግድግዳ እየተደገፈ ወረደ።

አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ደረሰችበት።

«አትንቀላት! ሽማግሌ አልፈልግም። ዛሬውኑ ለአባቴ ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«እውነቱን።»

«እውነትሽንማ አሁን አየሁት» አለ። ወዲያው የተጸጸተ ይመስል፣ ትከሻዋ ላይ የቀረች ቁራጭ ወረቀት በጣቱ አነሣላት። ይጥላታል ብላ ስትጠብቅ ኪሱ ከተታት።

«ሰኞ መድኃኒት የምትወስድበት ቀን ነው» አለችው።

«ሳልበላ?»

«እኔ አበላሃለሁ። በማንኪያ፣ በጠብታም ቢሆን።»

አውቶቡሱ መጣ። ሥዩም ሁለቱን እርከኖች እንደ ተራራ ወጣቸው፤ በሩ ተዘጋ። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ግንባሩን መስታወቱ ላይ አሳረፈ። የምሥራች መስታወቱን በመዳፏ እየመታች ጎን ለጎን ሮጠች።

«ሰኞ በሁለት ሰዓት ሐኪም ቤቱ በር ላይ እቆማለሁ! ሥዩሜ፣ እመጣለሁ በለኝ! ራስህንም ቢሆን ነቅንቅልኝ፤ እመጣለሁ በለኝ!»