«ካሜራ ዝጉ»

ይግዛው የሞተው ሥራ ላይ ነው። ሥራው ከቤት ስለነበር፣ ጋምቤላ ከተማ ባሮ ወንዝ ዳር ባለው ቤቱ፣ ስልኩ ፊት ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ተገኘ። በዘነዘና ከኋላ ተመትቷል። ዘነዘናው የሚስቱ የእናትነሽ ነው፤ ሁልጊዜ በረንዳው ላይ ነው የሚቀመጠው።

ምክትል ኢንስፔክተር ኛባንግ ስትደርስ እናትነሽ ጡት ያልጣለ ልጇን አቅፋ ደጅ ተቀምጣለች። ከገበያ ስመለስ ሞቶ አገኘሁት ብላለች፤ ግን ማን ይመናት? ባልና ሚስቱ በየጠዋቱ ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። አንዱ ፖሊስማ «ልጁን የሚረከብ ዘመድ ፈልጉ» እያለ ነበር። እሷም ሰምታዋለች።

«በምን ነበር የምትጣሉት?» አለች ኛባንግ።

«በሥራው ነዋ፣ እህቴ። ቤቴን ቢሮ አደረገው። ጆሮ ማዳመጫ አያደርግም፣ ይሞቀኛል ይላል፤ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ሁሉን ሰው ያስጮኸዋል። ልጁ አይተኛ፣ እኔ አላርፍ።» ልጁን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። «ለዚህ ተብሎ ባል ይገደላል? ልጄን እንዳትወስዱብኝ።»

ኛባንግ አማርኛን ትምህርት ቤት የተማረች የኑዌር ልጅ ናት፤ ቃል አታባክንም። በእጇ የሌለውን ተስፋም አትሰጥም።

«ወደ በረንዳው የሚወጣው በርስ?»

«ክፍት ነበር። በዚህ ሙቀት ማን በር ይዘጋል?»

የይግዛው አሠሪ ሷሊህ ሩዝ ነጋዴ ነው። ቢሮውን ዘግቶ ሠራተኞቹን ከየቤታቸው ማሠራት ከጀመረ ወዲህ ንግዴ ተመነደገ ባይ ነበር። አሁን ግን ላቡን መጥረግ እንኳ ረስቷል።

«የዚያን ጠዋት የተሰበሰብነው ወደ ቢሮ እንመለስ ወይስ ከቤት እንቀጥል ልንል ነው» አላት። «ይግዛው እንመለስ ባይ ነው። ‹ሠራተኛህ የት እንዳለ ሳታውቅ ንግድ የለም፤ ሁሉም ሲገባ የምናገረው አለኝ› ብሎኝ ነበር።»

«ተናገረ?»

«የት ደርሶ። ዕቃ ገዢያችን ፍሬሰንበት ከአቦቦ ወረዳ ነኝ ብሎ፣ ካሜራውን ሳይከፍት ስብሰባው ገብቶ ‹እንደምን አደራችሁ› ሲል ጆሮ የሚበሳ ፉጨት መጣ። ኔትወርክ ነው አልን። ፍሬሰንበትም ‹እንዲቀለን ካሜራ እንዝጋ፣ ማይክም ከሚናገረው በቀር ይዘጋ› አለ። እንደ ልማዳችን ዘጋን። በኋላ ይግዛውን ብንጠራው አልመለሰም፤ ኔትወርክ ጥሎት ነው ብለን ቀጠልን።»

ጋምቤላ ሰው ሲቀር ኔትወርክ ነው፣ ዕቃ ሲዘገይ ኔትወርክ ነው። እግዜር ይይላቸውና ይህንንም ኔትወርክ ነው አሉት።

ሒሳብ ሠራተኛዋ ፍርዶስም ያንኑ ተናገረች። እሷ ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቷ መቀመጥ አቅቷት እህቷ ዘንድ ተጠግታለች። «ጀርባዬን ለበር ሰጥቼ መሥራት ፈራሁ» አለች። «ሁላችንም በየቤታችን ብቻችንን ነን። ሰው ቢገባብን ማን ያያል?»

ፍሬሰንበት ለለቅሶ መጥቶ ነበር። «እኔ አቦቦ፣ አልዌሮ ግድብ አጠገብ ነበርኩ» አለ ዓይኑን እየጠረገ። «ያየሁት ነገር የለም።»

በማግስቱ ኛባንግ ሁሉንም ይግዛው በሞተባት ክፍል ሰበሰበቻቸው። የእናትነሽ ልብስ በፌስታል ተጠቅልሎ በር ላይ ተቀምጧል፤ ወደ ጣቢያ ልትወሰድ ነው። ልጁን ከደረቷ አላላቀቀችውም።

«አቶ ሷሊህ፣ ስብሰባ ይክፈቱ። ስልክዎን ጠረጴዛው ላይ ያድርጉ፣ ድምፁን ከፍ ያድርጉት። ፍርዶስ፣ መንገዱን ተሻግረሽ በስልክሽ ስብሰባው ግቢና ሰላም በይን።»

ፍርዶስ ከማዶ «እንደምን አደራችሁ» አለች። ድምፅዋ ጥርት ብሎ ገባ።

«አሁን ደግሞ ከበረንዳው።»

ፍርዶስ በረንዳው ላይ አፏን ስትከፍት ስልኮቹ አብረው አፏጩ። የሷሊህ ፊት አመድ መሰለ። «ይኸው ነው» አለ። «የዚያን ጠዋቱ ይኸው ነው።»

«ኔትወርክ አይደለም» አለች ኛባንግ። «አንድ ስብሰባ የገቡ ሁለት ስልኮች ሲጠጋጉ አንዱ የሌላውን ድምፅ እየሰማ ይጮኻሉ። ጆሮ ማዳመጫ ቢኖር ዝም ይላሉ። ይግዛው ደግሞ አያደርግም። ስለዚህ ሁለተኛ ስልክ እዚህ ነበር። ሲጮኽ የሚናገረው ማን ነበር?»

ሁሉም ወደ ፍሬሰንበት ዞሩ።

«አቦቦ ነበርኩ አልኩ እኮ» አለ።

«አቦቦ ደወልኩ። የይግዛው ዘመዶች እዚያ ያርሳሉ። ክረምቱ ከገባ አላዩህም። ይግዛው ለእነሱ እንደነገራቸው፣ እዚሁ ከተማ ለሌላ ነጋዴ ትሠራለህ፤ የሷሊህን ዋጋ ትነግረዋለህ። ይግዛው ያንን ሊናገር ነበር። አቦቦ ነው እንዲሉህ ድምፅህን አሰማህ። ፉጨቱን አላሰብክም። ‹ካሜራ ዝጉ› ስትል እንደሚዘጉ ግን ታውቃለህ። ሁሉም ሲዘጋ ዘነዘናውን አንስተህ ገባህ።»

ፍሬሰንበት ወደ በሩ አየ። በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል። «እንጀራዬን ሊዘጋብኝ ነበር» አለ በመጨረሻ።

ሲወስዱት ኛባንግ ፌስታሉን አንስታ ለእናትነሽ መለሰችላት። ሷሊህ ፊቷ በርከክ አለ። «እህቴ፣ ስለጠረጠርንሽ አፉ በይን።»

እናትነሽ ልጁን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረች። «ከገበያ ስገባ ድምፃችሁ ከስልኩ ይወጣ ነበር» አለች። «ስለ ሩዝ ዋጋ ታወሩ ነበር። ሷሊህ ድረስ፣ ፍርዶስ ድረሺ እያልኩ ጮህኩ።»

«አልሰማንሽም» አለ ሷሊህ። «የእሱ ማይክ ተዘግቶ ነበር።»

«ጮህኩ እኮ» አለች። «ተሰናብታችሁ እስክትወጡ ድረስ ጮህኩ።»