የፓ ቢጫ ጠመኔ

ይሄ በእርግጥ የሆነ ነገር ነው። ያላመነ መጥቶ ጣሪያችንን ይመልከት።

ዴልማሪ እባላለሁ። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ አፌ የማያርፍ፣ ማንንም የማልፈራ። እባብ በእጄ ይዤ አውቃለሁ። በአባቴ ቀብር ላይ ሰፈሩ ሁሉ ሲያለቅስ አንዲት ጠብታ እንባ ያልወጣኝ እኔ ብቻ ነኝ።

ኡፒንግተን፣ ደቡብ አፍሪካ። ጥር ወር። ልክ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ውሻ እንኳ ከጥላው የማይነቃነቅበት ሰዓት ነው።

ፓ የምለው አባቴ ይሠራ የነበረው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የፀሐይ ኃይል ማመንጫ፣ የመስታወት ማሳው ላይ ነው። መስታወቶቹ ፀሐይዋን ሰብስበው ረጅም የብርጭቆ ቱቦ ላይ ያሳርፏታል። ብርጭቆው ድርብ ነው። በመሃሉ ምንም የለም... አየር እንኳ። ሙቀቱን ይዞ የሚያስቀረው ያ ባዶነት ነው።

መሣሪያ ቢሰጡትም ፓ የሚያምነው መዳፉን ነበር። ያስጠጋል እንጂ አይነካም። ከውጭ ካልጋለ ቱቦው ደህና ነው። ከጋለ ግን አየር ገብቶበታል፣ ሙቀቱ እየፈሰሰ ነው። ያኔ በቢጫ ጠመኔ ሁለት ሰረዝ ያሰምርበታል።

እኔንም ጠዋት ጠዋት እንዲሁ ነበር የሚያደርገኝ። መዳፉን ጉንጬ አጠገብ ያቆምና፣ «ደህና ነሽ ወይስ እየፈሰስሽ ነው?» ይለኛል።

የመጨረሻው ጠዋት እጁን ገፋሁት።

«ልጅ አይደለሁም ባክህ።»

እናቴ ማ በር ላይ ቆማ ታይ ነበር። ፓ ሳቀና ሄደ።

ቀን ላይ ልቡ ቆመ። ጠመኔውን ከሥራ ሸሚዙ ኪስ ሳናወጣ ቀበርነው።

ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን የመታጠቢያ ውሃችን ለብ ብቻ ማለት ጀመረ። ውሃውን የሚያሞቁት ፓ ራሱ ጣሪያው ላይ የገጠማቸው አሥራ ሁለት ትናንሽ ቱቦዎች ናቸው። መሰላል አቁሜ ወጣሁ።

ሰባተኛው ላይ... ሁለት ቢጫ ሰረዝ።

መዳፌን አስጠጋሁ። ይፋጃል። ሌሎቹ ቀዝቃዛ ናቸው።

አጠብኩት።

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ ተመልሶ ነበር። ዱቄቱ ገና እየረገፈ ነው። መሰላሉን ደግሞ ከተቆለፈበት ያወጣሁት እኔው ራሴ ነኝ...

ማጠብ በጀመርኩ በሦስተኛው ቀን ተንበርክኬ ሳለሁ፣ ከኋላዬ ቆርቆሮው ሲጥ አለ። የሰው እግር ሲያርፍበት እንደሚለው።

ከዚያ... ማጅራቴ አጠገብ ሙቀት።

አይነካኝም። ቆሟል ብቻ። ይጠብቃል።

«ፓ?» አልኩ በሹክሹክታ።

ሙቀቱ አልሄደም።

እባብ የያዝኩት ጀግና፣ መሰላሉን እንኳ ሳልረግጥ ዘለልኩ።

ማ ወጥ ቤት ፌትኩክ የምንለውን ድብልብል ሊጥ ዘይት ውስጥ እያገላበጠች ነበር።

«ማ... ጣሪያ ላይ ሰው አለ።»

ቀና ብላ አየችኝ።

«ዙሪ።»

«ምን?»

«ዙሪ አልኩሽ።»

ዞርኩ። ጀርባዬን በጣቷ ነካ አደረገችና ጣቷን አሳየችኝ።

ቢጫ።

«ሁለት ሰረዝ ነው» አለች። «እጁን አስጠግቶብሽ ነበር?»

«አዎ።»

«አንቺስ?»

«ሮጥኩ።»

ማ ጣቷን በሽርጧ ጠረገችና ወደ ዘይቷ ተመለሰች።

«እንግዲህ ሁለቴ ገፋሽው ማለት ነው።»