ከካፌው እስከ አባቷ ቤት

በሐይቅ ዳሯ ከተማ በኪሱሙ ቀትር ሲሆን ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ጸጥ ይላል፤ ሰውም ጥላ ፍለጋ ይገባል። አፖንዲ እንደ ልማዷ የሐይቅ ዳሩን ካፌ ጥግ ይዛ ላፕቶፗ ላይ አቀርቅራለች። ሥራዋ ከባሎቻቸው ዱላ ሸሽተው የወጡ ሴቶችን በሚረዳ ትንሽ የሕግ ቢሮ ውስጥ ነው። የቢሮው ኢንተርኔት ሲጠፋ፣ ብዙ ጊዜም ይጠፋል፣ መጠጊያዋ የካፌው ዋይፋይ ነበር።

«ይቅርታ እህቴ፣ የገባሽው በየትኛው ዋይፋይ ነው?»

ቀና አለች። እጅጌውን የሰበሰበ ቀጭን ወጣት ከፊቷ ቆሟል።

«በካፌው ነዋ! በማን ልገባ ኖሯል?»

«ዛሬ በካፌው ስም ሁለት ዋይፋይ አለ። አንደኛው የኢሜይል ፓስወርድ ይጠይቃል። እሱ ወጥመድ ነው። ጽፈሽ ከሆነ አሁኑኑ ቀይሪው፤ ግን በዚህ ሳይሆን በስልክሽ ዳታ።»

ጽፋ ነበር። ክው አለች። ከድንጋጤዋ ጋር ግን ጥርጣሬም አብሮ መጣ።

«አንተ በምን አወቅህ? ስክሪኔን ስታይ ነበር?»

«ኧረ እኔ…»

ሊያስረዳት ሲጀምር ላፕቶፗን ዘግታ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። መንገድ ዳር ዛፍ ስር ቆማ ፓስወርዷን በስልኳ ዳታ ቀየረች።

ኢሜይሏ ውስጥ የኬሙንቶ መደበቂያ ቤት አድራሻ አለ። ኬሙንቶ ሁለት ልጆቿን ይዛ ከባሏ ያመለጠች ሴት ናት። ባሏ ሰው አሰማርቶ በየከተማው እያፈላለጋት ነው። ያ ወጣት ከሰዎቹ አንዱ ቢሆንስ?

በዚያው ቀን ኬሙንቶና ልጆቿ ወደ ሌላ ቤት ተዛወሩ። ትንሿ ልጅ ገና የለመደቻትን የጎረቤት ድመት ጥላ ስትሄድ እየዬ አለች። አፖንዲ እንባዋን ደብቃ ሻንጣ ተሸከመች።

ከዚያ በኋላ ካፌው ድርሽ አላለችም። የወጣቱን ፊት ግን ልትረሳው አልቻለችም። ይበልጥ የሚያናድዳት ደግሞ ዓይኖቹ የክፉ ሰው ዓይን አለመምሰላቸው ነበር።

አንድ ቀን ዓሣ ተራ ከካፌው ባለቤት ከማማ ሊሊያን ጋር ተገጣጠሙ።

«ምነው ጠፋሽ ልጄ? ያንን የዋይፋይ ጉድ ሰማሽ? ፎቅ ላይ የተከራየው ሰውዬ ነው ለካ የሰው ፓስወርድ ሲለቅም የከረመው! ፖሊስ ከነመሣሪያው ወሰደው። ሉምባሲ ባይደርስልን ጉድ ሆነን ነበር። ኔትወርክ የሚዘረጋው ልጅ፣ ታውቂው የለ? ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየዞረ አስጠነቀቀልኝ። አንዷ ብቻ ሌባ ብላው ሄደች አለኝ።»

«ሌባ እንኳ አላልኩትም» አለች አፖንዲ።

ማማ ሊሊያን ዓሣዋን እንደያዘች ቆመች። «አሃ! አንቺ ነሽ?»

በማግስቱ አፖንዲ ካፌው ስትገባ ሉምባሲ ለብቻው ቻፓቲ የሚሉትን ቂጣ ይበላ ነበር። ሳትጋበዝ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ሌባ አላልኩህም።»

«በዓይንሽ ብለሽኛል።»

«እሱስ ልክ ነህ። ይቅርታ አድርግልኝ።»

ሳቀ። ወዲያው ግን ፊቷን አይቶ ሳቁን ዋጠ። «ሰውዬው ምን ወሰደብሽ?»

የማንንም ስም ሳትጠራ፣ የሰው ሕይወት ያለበት ነገር እንደሆነ ነገረችው። እሱም አልመረመራትም። ኢሜይሏ ውስጥ ከየትኛው መሣሪያ፣ መቼ እንደተገባ የሚያሳይ ገጽ እንዳለ ነግሯት የት የት እንደምትጫን አስረዳት። ከዚያ ወንበሩን ወደ ሐይቁ አዙሮ ጀርባውን ሰጣት።

«ምን መሆንህ ነው?»

«አላይም። አንቺ እዪ።»

አነበበች። የእሷ ላፕቶፕ። የእሷ ስልክ። ሌላ ማንም የለም። ሰውዬው ያጠመደውን ፓስወርድ ሳይጠቀምበት ቀድማ ቀይራዋለች።

«ማንም አልገባም» አለች። «እኔ ብቻ ነኝ።»

ስንት ቀን ደረቷ ላይ ተጭኖ የከረመው ነገር በእንባ ወረደ። ሉምባሲ ሳይዞር በትከሻው ላይ ሶፍት አሳልፎ ሰጣት።

«ልዙር?»

«ትንሽ ቆይ።»

ቆየ። ጀልባዎቹን ሲያይ ቆየ። አፖንዲም የአንገቱን ጀርባ እያየች ሳታስበው ፈገግ አለች።

ከዚያን ቀን ወዲህ የሚገናኙበት ምክንያት አላጡም። «ካፌ ላይ መሥራት እንግዲህ ፈራሁ» አለችው አንድ ቀን።

«ቤታችሁ ኢንተርኔት አለ?»

«አባቴ ለኳስ ብሎ አስገብቷል።»

«እንግዲያው የራስሽን ቪፒኤን እንሥራ። መዳፍ የምታህል ኮምፒዩተር ከራውተሩ ጎን ትቀመጣለች። የትም ሆነሽ የምትልኪው ሁሉ ተቆልፎ መጀመሪያ ቤታችሁ ይገባል፤ ወደ ዓለም የሚወጣው ከዚያ ነው። ካፌው ውስጥ ያደፈጠ ሰው ቢጠልፈው እንኳ አያነበውም።»

«ቁልፉ ማን ጋ ይሆናል?»

«አንቺ ጋ ብቻ። እኔ እነግርሻለሁ፤ ጣትሽ ይሠራል።»

«ያኔ ይኼ ቢኖረኝ እተርፍ ነበር?»

«ፓስወርድሽን በገዛ እጅሽ ለሌባ ከሰጠሽው ቪፒኤን አያድንሽም። ለእሱ ጥንቃቄ ነው የሚበጀው።»

አለማጋነኑን ወደደችለት።

ቅዳሜ ወደ ቤት ይዛው ሄደች። አባቷ ሽማግሌው ኦዲያዎ በሐይቁ መርከቦች ላይ መካኒክ ሆነው የኖሩ ሰው ናቸው። እንግዳውን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ከየት ነህ?»

«ከካካሜጋ ነኝ አባባ።»

«ከሉህያ ጎሳ ነሃ! እናንተ ዶሮ ካልበላችሁ አይሆንላችሁም ይባላል።»

«የእናንተንም ዓሣ አንጠላም አባባ።»

«እዚህ ቤት ወንድ ሲመጣ ልጄን ሊጠይቀኝ ነው። አንተስ ምን ልትጠይቅ መጣህ?»

«ከራውተሩ ጎን አንድ ሶኬት።»

ሽማግሌው አገጫቸውን አሹ። «ለመጀመሪያ ቀን ደህና ነው» አሉ።

ሥራው ግን ቶሎ አልሆነም። ኢንተርኔት የሚያቀርበው ድርጅት ብዙ ቤቶችን በአንድ የኢንተርኔት አድራሻ አጭቋቸው ስለነበር፣ ከውጭ የሚመጣ ግንኙነት የእነ አፖንዲን ቤት ለይቶ ማግኘት አልቻለም። ለቤታቸው የራሱ አድራሻ እንዲሰጠው አመለከተች። እስኪሰጣቸው ድረስ ሉምባሲ «ነገሩ ከምን ደረሰ?» እያለ ይመላለስ ጀመር። በስልክ መጠየቅ ሲችል በእግሩ መምጣቱን አባቷ ልብ ብለዋል።

አድራሻው ሲመጣ ለሙከራ ካፌው ተቀመጡ። አፖንዲ ቪፒኤኑን አበራች። እምቢ አለ። ደግማ ሞከረች። አሁንም እምቢ። ሉምባሲ ግንባሩን አላበው።

«አንዴ ቆይ» ብላ ደወለች። «አባዬ፣ ያቺን ትንሽ ሳጥን ነቅለሃታል እንዴ?»

«ሬዲዮኔን ሰካሁ። ምን ላድርግ?»

«ኧረ በናትህ መልሰህ ሰካት!»

«ልጁ አብሮሽ ነው?»

«አለ።»

«ሲመጣ ማከፋፈያ ይዞ ይምጣ በዪው።»

ጥቂት ጠብቃ እንደገና ሞከረች። ገባ። ኢንተርኔቱ ላይ የሚታየው አድራሻዋ የካፌው ሳይሆን የአባቷ ቤት ሆነ። ለኬሙንቶ ጉዳይ ያዘጋጀችውን ማስረጃ ለፍርድ ቤት ላከች፤ ጀርባዋን ወንበሩ ላይ ጥላ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች።

«እንግዲህ ሥራህን ጨረስክ» አለችው።

«ጨረስኩ።»

እሱ የሻይ ብርጭቆውን ጆሮ ይነካካል። እሷ ላፕቶፗን ዘግታ እጇን ላዩ ላይ ጭናለች።

«ሉምባሲ።»

«አቤት።»

«እሑድ ና። ምንም ሳይበላሽ ዝም ብለህ ና።»

«እኔ እኮ እስካሁን የሆነ ነገር ይበላሽልኝ እያልኩ ስጸልይ ነበር» አለ ዓይኖቿን እያየ።

ከወራት በኋላ የኬሙንቶ ባል በዚያ ማስረጃ ተፈርዶበት ወህኒ ወረደ። አፖንዲና ሉምባሲ በተጋቡበት ቀን ኬሙንቶ ቀይ ቀሚስ ለብሳ፣ ልጆቿን በግራና በቀኝ አሰልፋ መጣች። ባሏ እንዳያገኛት ካሜራ ባየች ቁጥር ፊቷን በሻርፕ ትሸፍን የነበረችው ሴት፣ ፎቶ አንሺው «ተጠጉ!» ሲል ሙሽሮቹን ገፋ አድርጋ መሃል ገባች፤ ቀና ብላም ሳቀች።